የመምህር ጌጡ የሰማይ ቁጥር

በቀደም ዕለት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ጮክ አድርጎ ከፍቶ፣ ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ ስለ «አጽናፈ ዓለም ምስጢራዊ ቁጥር» ሲሰብክ ያዳምጥ ነበር። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሰባት» ሲል ሳላስበው «ውይ! አንተ ዛሬም አልሞትክም?» ብዬ ጮህኩ። ወጣቱ ደንግጦ ስልኩን አጠፋና ወደ መስኮቱ ተጠጋ፤ እብድ መስዬው ይሆናል። እኔ ግን እስክወርድ ድረስ አፍንጫዬን የእርጥብ በግ ሱፍ ሽታ ሲሞላው ተሰማኝ፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር ደጃችን የደረሰው ሱፍ ስናጥብ ነው።

ቁጥሩን በራሱ አልንቀውም። መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት ማንንም በድሎ አያውቅም፤ በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም አገር፣ ማንም ቢያባዛው ያንኑ መልስ የሚሰጥ ጨዋ ቁጥር ነው። ንቄ የኖርኩት ጀርባው ላይ ተፈናጠው የሚጋልቡትን ነው፤ ከእነሱም ሁሉ በላይ መምህር ጌጡን።

ቤታችን ከዘመሮ ወጣ ብሎ፣ ነፋሱ ገብሱን ከሥሩ ሊነቅል የሚታገልበት ሜዳ ላይ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ከጓሳ የመጣ ሣር፣ ውስጡ ጭስና በግ በግ የሚል ሙቀት። ከእኛ ቀጥሎ የየሺ እናት ቤት ነበር። ወይዘሮ አስካለ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሌላ ሰው ሱፍ እየፈተሉ ባና፣ ማለት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ያስረክቡ ነበር፤ የሺም ገና በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ቀርታ እንዝርት ይዛ ቀረች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ተቀምጬ እፈትላለሁ፤ የእኔ ክር አንዱ ጋ እንደ ጅራፍ ወፍሮ ሌላው ጋ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥናል፤ የእሷ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። በሁለት ዓመት ትበልጠኝ ነበርና ስለ ወንድ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ሰው ምላስ የማውቀውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። የማታወራው ስለ ራሷ ብቻ ነበር።

መምህር ጌጡ አገራችን የገባው ኢሕአዴግ ከገባ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የወረዳው ሰዎች በየስብሰባው ስለ ልማት እየነገሩን ሰው ሁሉ አዲስ ነገር የሚባል ሲመጣ ማጨብጨብ በለመደበት ጊዜ ነው። የት እንደተማረ ሲጠየቅ «ከላይ» ይላል፤ ላይ ያለው አዲስ አበባን ይሁን ሰማይን ማንም ደፍሮ አልጠየቀውም። ኮቱ ከሁለት ሰዎች የተወረሰ ይመስል ነበር፣ ከአንድ ረጅምና ከአንድ ሰፊ። በደረት ኪሱ አራት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፍ ግን ከሰው ይዋሳል። ቄስ አይደለም፣ ደብተራ አይደለም፣ አስተማሪም አይደለም፤ «መምህር» የሚለውን ማዕረግ ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው፤ እኛም ደግ ሕዝብ ነንና ተቀበልነው።

ሀብቱ ሁሉ ባትሪ የማትፈልግ፣ በፀሐይ የምትሠራ አንዲት ካልኩሌተር ነበረች። በገበያ ቀን ሱፍ የሚሸጥበት ጥግ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። «ይቺ የሰማይ ቁጥር ናት። እስከ ስድስት ካለው አንዱን ጥሩልኝ!» አንዱ «ሁለት» ይላል፤ ካልኩሌተሯ 285714 ታወጣለች። ሌላው «አምስት» ይላል፤ 714285። «አያችሁ? ያው ስድስት አኃዝ! አልጨመሩ፣ አልቀነሱ፣ ወንበር ብቻ ተለዋወጡ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አሁን በሰባት፣ በሰንበቷ ቁጥር ልምታት።» 999999። ስድስት ዘጠኝ ተሰልፎ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ያማትቡ ነበር። ጭጋግ በወረደ ቀን ካልኩሌተሯ ትጠፋለች፤ ያን ጊዜ «ዛሬ ሰማዩ ዝም ብሏል» ብሎ ጠላ ቤት ይገባል። በእኛ ጭጋጋም አገር ደግሞ ሰማዩ ከሚናገርበት ዝም የሚልበት ቀን ይበዛ ነበር።

በዚህ ቢበቃው ኖሮ እንደ ጨዋታ ባየሁት። እሱ ግን ኮከብ ቆጠራ ጀመረ። ድሮ ሊጋቡ የታሰቡ ልጆች ስም ከእናታቸው ስም ጋር በፊደል ይቆጠርና ድምሩ በአሥራ ሁለት ይገደፍ፣ ማለት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱ እየተጣለ ቀሪው ይታይ ነበር። መምህር ጌጡ «መገደፍ አልፎበታል፤ ዘመኑ የማባዛት ነው» አለ። የሁለቱን ልጆች ድምር በሰማይ ቁጥሯ ያባዛል። ስድስቱ አኃዞች ሳይጎድሉ ከወጡ ትዳሩ ከላይ የታዘዘ ነው፤ ከጎደሉ ቤቱ ይፈርሳል። ለዚህ ጥበብ በግ ወይም ገብስ ይቀበላል። ሰውም፣ ልጁን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በዓይኑ ሲያይ የኖረው ሰው፣ የልጁን ዕጣ ከመዳፍ ባነሰች ማሽን ያስጠይቅ ጀመር።

የሺ ለማሞ ታጭታ ነበር። ማሞ የአቶ ሳህሌ ልጅ ነው፤ ጉግስ ሲጫወት ፈረሱ ከእሱ የበለጠ የሚያስብ ይመስል የነበረ ቆንጆ ልጅ። ለሠርጉ ጌሾው ሊወቀጥ ሲል የማሞ ቤተሰቦች ድንገት «ኮከባቸው ይታይ» አሉ። መምህር ጌጡ የአራቱን ስም ቆጥሮ ሠላሳ አንድ አገኘ፤ ሲያባዛው 4428567 ወጣ። እኔና የሺ ከበሩ ውጭ ሱፍ እያጠብን ነበርና ድምፁን ሰማነው። «አራት ሁለቴ መጣች። አንድ ደግሞ የለችም! አንድ ማለት አባወራ ነው። አባወራ የሌለበት ቤት፣ እኔ እንጃ!» ወይዘሮ አስካለ ደረታቸውን መቱ። የሺ ቀና አላለችም። የያዘችውን ሱፍ ጨምቃ ዘረጋችው፣ ሌላ አነሳች። እጮኝነቱ በዚያው ፈረሰ።

እኔ ያኔ ለበዓል ቤት መጥቼ ነው እንጂ መሐል ሜዳ ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። በዚያ ዓመት ፕላዝማ ገብቶልን ነበር። ግድግዳው ላይ በብረት ሣጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን ውስጥ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ስለ አልጀብራ ትናገራለች፤ እኛ ከንግግሯ «ናው» የሚለውን ብቻ እንለያለን። ጥያቄ ታወጣና ዝም ትላለች፤ እርሳሳችንን ገና ሳናነሳ «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታሞግሰናለች። እንዲህ ዓይነት በከንቱ መመስገን ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። መብራት የጠፋ ቀን ግን አስተማሪያችን ቲቸር አስናቀ፣ ሪሞት ከመያዝ ሌላ ሥራ የተነፈገው ሰው፣ ጠመኔ አንሥቶ ያስተምረን ነበር። ሙሉ የሚባለውን ስሜን «ሙሉ ቁጥር» አድርጎት የቀረውም እሱ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ተቀበለው።

መብራት ባልነበረበት አንድ ጧት የየሺን ነገር በሆዴ ይዤ «ቲቸር፣ የሚዞር ቁጥር አለ?» አልኩት። ቁጥሩን ስነግረው ሳቀ።

«እሱ እኮ የአንድ ሲካፈል ለሰባት ልጅ ነው» አለና ሰሌዳው ላይ ጀመረው። አሥር ለሰባት አንድ ደርሶ ሦስት ይቀራል። ሠላሳ ለሰባት አራት ደርሶ ሁለት ይቀራል። ሃያ፣ ስድሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ፤ በመጨረሻ የሚቀረው አንድ፣ ከዚያም እንደገና ከአሥር። የደረሱት ሲደረደሩ 142857። «በሰባት ስታካፍሉ ሊተርፍ የሚችለው ከአንድ እስከ ስድስት ብቻ ነው። ይሄ ስድስቱንም ጎብኝቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስድስት ቤት እንደሚዞር የማኅበር ጽዋ በሉት። ከአቶ እገሌ ቤት ብትጀምሩ፣ ከወይዘሮ እገሊት ብትጀምሩ ተራው ያው ነው። ማባዛት ማለት የምትጀምሩበትን ቤት መለወጥ ብቻ ነው።»

«ከሰባት በላይ ሲባዛስ? ሲበላሽ አይቻለሁ።»

«አልተበላሸም። ከስድስት አኃዝ የተረፈችውን የፊተኛዋን አኃዝ ወስደሽ ከኋላው ደምሪያት። ይስተካከላል።»

ደመርኳት። የየሺን አራት ከ428567 ላይ ስደምራት 428571 ሆነ። አንድ ተመለሰች፤ አባወራው ቤቱ ገባ። ቲቸር አስናቀ ሰሌዳውን አጥፍቶ «በሉ ተዉት፣ ፈተና ላይ አይመጣም» አለ። መብራቱም መጣና ሴትዮዋ ማመስገኗን ቀጠለች።

ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ቤት ስገባ ሽማግሌ ጠበቀኝ። ሽፈራው ለሚባል የእህል ነጋዴ ልጅ ሊጠይቁኝ የመጡ ናቸው፤ ሽፈራው አይሱዙ ይነዳ ነበርና ከእኔ በስተቀር ሁሉም ወዶታል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ባና ደርበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳማ የምትባል በቅሏቸው አጥር ላይ ታስራለች። የደብራችን ሊቅ የኔታ ወልደ ሰንበት ለምርቃት ተጠርተዋል። በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ የምትገባበት ቦታ ላይ ደግሞ መምህር ጌጡ ካልኩሌተሯን እንደ ጽላት ታቅፎ ተቀምጧል። አባባ ከሰው እኩል መሆን የሚወድ ሰው ነበርና ጠርቶታል።

እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። የስማችን ድምር ሠላሳ ስምንት መጣ። ሲያባዛው 5428566። ይህም ሁለት ስድስት፣ ሁለት አምስት ያለው፣ አንድም ሰባትም የጎደለው ቁጥር ነው። መምህር ጌጡ ግን ፊቱ እንደ ቅቤ ቀለጠ።

«አምስቷ ቀድማ ወጥታለች። እሷ ሚዜ ናት። ወደ ኋላ መልሰን ከሙሽሮቹ ጋር ስንደባልቃት...» ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። «428571! ስድስቱም አሉ! እልል በሉ!»

እናቴ አፏን ለእልልታ ከፍታ ሳለ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ «መምህር፣ የየሺን ሚዜስ ለምን አልመለሷትም?» አልኩ።

መምህር ጌጡ ጣቱን ከቁልፉ አነሣ።

«የቷን ሚዜ?»

«አራቷን። ሠላሳ አንድ ሲባዛ ከፊት የወጣችውን። እሷም ወደ ኋላ ተመልሳ ብትደመር ይኸው 428571 ነው። የእኔ ቁጥርና የየሺ ቁጥር አንድ ነው። ለእሷ ቤት ይፈርሳል ብለው ለእኔ እልል ያስባሉት በምን ሒሳብ ነው?»

«ሙሉ!» አለ አባባ። «ጠላውን አስቀምጪና ውጪ!»

የኔታ ወልደ ሰንበት ጭራቸውን አነሡ። «ተዋት ዘውዴ። ልጅቷ ሒሳብ ነው የጠየቀች። ሒሳብ ነውር የለውም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ቁጥሩ ከምን የወጣ ነው ልጄ?»

«አንድ በሰባት ሲካፈል ነው የኔታ። የሚያዞረው ሰባት ነው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። ዕድሜ ልካቸውን በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ዕለት ሰባት ሰባቱን እየገደፉ ያወጡ ሰው ናቸውና ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ሠላሳ አንድ በሰባት ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል። ሠላሳ ስምንትም በሰባት ሲገደፍ ሦስት። ውነቷን ነው፤ አንድ ናቸው።» ዓይናቸውን ገልጠው መምህር ጌጡን አዩት። «አንተ ለፈቀድከው ትደምራለህ፤ ላልፈቀድከው ትተዋለህ ማለት ነዋ?»

መምህር ጌጡ ካልኩሌተሯን በኮቱ ጠረገ። ምንም እንዳልቆሸሸች ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። «የሰማይ ነገር... ለሁሉም አይገለጥም» አለ።

እዚህ ላይ አሸንፌ ነበር፤ ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባለቀ። ሰው ግን ተረት አይደለም። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲያማ ምን ጠፋ?» አለ። «ያችኛዋ ተበድላ እንደሁ በሷ ይታይ። የኛ ልጆች ግን መግጠማቸውን የኔታም መሰከሩ፤ ልጅቷም ራሷ አረጋገጠች። እልል ይባልልን እንጂ!» እናቴ እንደገና አፏን ከፈተች።

ንዴቴ ጆሮዬን አጋለው። «በቅሏችሁም ትገጥማለች» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ዳማ። በሽፈራው ስምና በእናቱ ስም ላይ እሷን ቁጠሯት። አርባ ነው የምትመጣው፣ ቅድም አጥሩ ጋ ቆሜ ቆጥሬያታለሁ። ሲባዛ 5714280፤ ሚዜዋን መልሱና 714285። ስድስቱም አሉ። በሰባት ተካፍሎ የሚያልቅ ካልሆነ በስተቀር ማንንም ከማን ጋር ብታባዙት ይገጥማል። ሰማይ ባርኳታል፤ ጭነትም ከእኔ ይልቅ ትችላለች።»

የኔታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ዋንጫቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ምርቃት የለም፣ ስንብት የለም። መምህር ጌጡም ከመሐላቸው ተሸጉጦ ወጣ። እናቴ ያን ቀን ሁለቴ የዋጠችው እልልታ ሆዷ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል፤ እስክትሞት ድረስ ስሜን ስትጠራ ትንሽ ትቆጣ ነበር።

አባባ አኩርፎኝ ከረመ። ወደ መሐል ሜዳ የምመለስ ዕለት ስንቄን አህያ ላይ ሲጭን፣ ፊቱን ሳያዞር «በስምንትስ ሲባዛ?» አለኝ።

«1142856። አንዷን ወደ ኋላ መልሳት።»

ገመዱን እያጠበቀ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይሆንለት ሰው በቃሉ ደመረው። «ራሱ ተመለሰ» አለ። «ደግ ቁጥር ነው። ሰውየው ነው እንጂ።» ይቅርታው ይኸው ነበር።

መምህር ጌጡ ወደ መርሐቤቴ ወረደ አሉ፤ እዚያ ፀሐይ አይጠፋም፣ ሰማዩ በየቀኑ ይናገርለታል። ማንም በጉን መልስ አላለውም። እንዲያውም አንዳንዶቹ «ያቺ የዘውዴ ልጅ ጥበበኛ አባረረችብን» ይሉ ነበር። አገሬ እንዲህ ነች። ያታለላትን ቶሎ ይቅር ትላለች፤ መታለሏን የነገራትን ግን አትረሳውም።

እኔ የጠበቅሁት ማሞና የሺ እንዲታረቁ ነበር። የኔታ አቶ ሳህሌን ቢያነጋግሯቸው «ጥጃው ከጋጣው ወጥቷል» አሉ፤ ማሞ ለሌላ ታጭቶ ነበር። ለፋሲካ ስመለስ የሺ የለችም። አክስቷ ጋ ሄዳለች አሉኝ። ሳትሰናበተኝ በመሄዷ ተቀየምኳት፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት የተናገርኩት ለእሷ ብዬ ነበራ! ቅያሜዬን ግን መምህር ጌጡ ላይ ደረብኩትና ንቀቴን እንደ ርስት ይዤ ኖርኩ። ተማርኩ፣ ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ፣ ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አንድ ለሰባት እያካፈልኩ ያንን ሰውዬ ሳልሰድብ ያለፈ ክፍለ ጊዜ አልነበረም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ የሚሸጥበት ባዛር ላይ የሺን አገኘኋት። ወፍራለች፣ ወርቅ አድርጋለች፣ ሦስት ሸማኔ ታሠራለች። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን፣ ስለ እናቶቻችን ተነጋገርን። እኔም እንደ ልማዴ መምህር ጌጡን አነሣሁና መርገም ጀመርኩ።

«ምስኪን» አለች የሺ። «እሱን ምን ታደርጊዋለሽ። ማሞ ነው የላከው።»

«ምን?»

«ጠቦት ነድቶለት 'አይገጥምም በልልኝ' አለው። ሌላ ወዶ ነበር። ያኔውኑ፣ ሱፍ ስናጥብ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ምንጣፉን በክንዷ እየለካች ነበር፤ ልኩን ጨርሳ ነው የመለሰችልኝ። «ኮከብ ጣላት ሲባል ምን አለበት? ኮከብ ሩቅ ነው፤ ማንም ወጥቶ አይጠይቀውም። አንቺ መጥተሽ ቁጥሩ ያው ነው አልሽ። ያን ጊዜ ምንጭ የወረዱት ሴቶች ሁሉ 'ታዲያ ምኗን ጠልቶ ነው?' አሉ።» ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። «ሒሳብሽ ልክ ነበር፣ ሙሉዬ።»

ደንበኛ መጣባትና ዋጋ ልትነጋገር ዞረች። እኔ ምንጣፎቹ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ነፋስና ከዚያ ሱፍ ሽታ ሳይጎድል ይዤው የኖርኩት አንድ ነገር ቢኖር ለሰውየው ያለኝ ንቀት ነበር፤ እሱም አሁን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ማሞን ልንቀው ሞከርኩ። ፊቱን ማስታወስ አቃተኝ።